ቅዳሜ አትናገሪ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ አዲስ አበባ፣ ሃያ ሁለት አካባቢ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት የፊልም ማቀናበሪያ ክፍል፤ ዘጠኝ ዓመት በሞዴልነት የኖረችውና የመጀመሪያ ፊልሟ ሊመረቅ ሁለት ቀን የቀራት አትጠገብ ነገሩ ሸቷት መጥታ፣ በዳይሬክተሩ በአሰግድ ፊት አልቀመጥም ብላ ቆማለች።

አሰግድ፦ አንዴ ልድገምልሽ። ቅዳሜ መድረክ ላይ ትወጫለሽ፣ ፈገግ ትያለሽ፣ እጅሽን ታወዛውዣለሽ፣ ትወርጃለሽ። በቃ።

አትጠገብ፦ ማይኩስ?

አሰግድ፦ ማይኩን ሱራፌል ይይዘዋል። በፊልሙ ባልሽ አይደል? ባል ስለ ሚስቱ ቢያመሰግን ምን ነውር አለው?

አትጠገብ፦ በፊልሙ ፈትቼዋለሁ እኮ፣ ጋሼ።

አሰግድ፦ እሱን ተመልካቹ ገና አላየም።

አትጠገብ፦ እና እኔ አፍ የለኝም?

አሰግድ፦ አፍሽማ ያምራል፤ ፖስተሩን የሞላነው በሱ አይደል? ዝም አይነቅዝም ይባላል። ዝም ያለች ተዋናይት ‹ምን ደብቃ ይሆን› ታሰኛለች። ሰው ይወድሻል።

አትጠገብ፦ አይነቅዝ ይሆናል፤ ግን አይበቅልምም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ልብሱ ይታይ፣ አንቺ አትታዪ ሲሉኝ ዝም ብዬ ተራምጃለሁ። እርስዎ ዘንድ የመጣሁት ልናገር ነው።

አሰግድ፦ እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይ።

አትጠገብ፦ መቆም ለምጃለሁ። ደግሞ እርስዎ ቁጭ በይ ሲሉኝ ነገር አለ። ለሳሙናው ማስታወቂያ ፀጉርሽን እንቆርጠዋለን ሊሉኝ ሲሉም መጀመሪያ ወንበር ነበር የሳቡልኝ።

አሰግድ፦ አቤት መጠራጠር! አንቺ ልጅ ጥላሽንም ትጠረጥሪያለሽ።

አትጠገብ፦ እባብ ያየ በልጥ በረየ። አንድ በአንድ ልንገርዎት? ማስተዋወቂያውን ለቀቃችሁ። እኔ እሮጥበታለሁ፣ አለቅስበታለሁ፣ በር እዘጋበታለሁ፤ ከላይ የተጫነበት ግን ሙዚቃ ነው። አንዲት ቃል ከአፌ አትወጣም።

አሰግድ፦ የዘመኑ ማስተዋወቂያ እንዲያ ነው።

አትጠገብ፦ ሱራፌል ሦስት ጊዜ ይናገርበታል።

አሰግድ፦ ሱራፌል እኮ የሚያምረው ሲናገር ነው፤ አንቺ ደግሞ…

አትጠገብ፦ ዝም ስል።

አሰግድ፦ አላልኩም።

አትጠገብ፦ ሊሉ ነበር። እሺ፣ ሬዲዮ ጣቢያው ሁለታችንንም ጠራን። ጠዋት ሦስት ሰዓት ለባብሼ ስጠብቅ ‹ቀጠሮው ተሰርዟል› ብለው ደወሉልኝ። ታክሲ ውስጥ ስገባ ሱራፌል በሬዲዮ ስለኔ ያወራል። ‹በጣም ዝምተኛ ልጅ ናት› ይላል! እኔ ዝምተኛ?

አሰግድ፦ ያ የነሱ ጥፋት ነው። ወንበር አንድ ብቻ ነው ያለን አሉ።

አትጠገብ፦ ሬዲዮ ጣቢያ ወንበር ጠፋ?

አሰግድ፦ ማይክ ማለቴ ነው።

አትጠገብ፦ አሁን ደግሞ ወንበሩ ማይክ ሆነ።

አሰግድ፦ ወይ አምላኬ!

አትጠገብ፦ ፊልሙን ልየው ብዬ ሁለት ጊዜ እዚህ ድረስ መጣሁ። የመጀመሪያው ቀን መብራት ጠፍቷል አሉኝ፤ እታች ፀጉር ቤቱ ውስጥ ማድረቂያው ይጮኻል። በሁለተኛው ቀን ደግሞ ድምፁ ገና አልተስተካከለም አሉኝ።

አሰግድ፦ እሱ እውነት ነው። ድምፁ ገና ነበር።

አትጠገብ፦ እሱ እውነት ነው? የመብራቱ ውሸት ነበር ማለት ነዋ።

አሰግድ፦ አንቺ ተዋናይት መሆንሽ ቀርቶ መርማሪ ብትሆኚ ይሻልሽ ነበር።

አትጠገብ፦ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብዬ ነው። ደግሞ ዋናውን ገና አልነገርኩዎትም። ትናንት እታች ፀጉር ቤት ገባሁ። አንዲት ልጅ ፀጉሯን በቢጎዲን እንደተጠቀለለች ብድግ ብላ አቅፋ ሳመችኝ። ምን አለችኝ መሰለዎት? ‹ወይኔ አቲዬ፣ በጣም ነው የደከምኩብሽ!›

አሰግድ፦ አድናቂሽ ትሆናለች።

አትጠገብ፦ አድናቂ ይደክማል እንዴ? እኔ ልብስ ሰፊ መስላኝ ‹የትኛውን ቀሚስ ነው የሰፋሽልኝ?› ስላት ከት ብላ ሳቀች። ወዲያው ደግሞ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ ስልክ ተደወለልኝ ብላ ከነቢጎዲኗ ወጣች። ስልክ ሲጮህ ግን አልሰማሁም።

አሰግድ፦ ምን ትመስላለች?

አትጠገብ፦ ለምን ጠየቁኝ?

አሰግድ፦ እንዲያው ነው።

አትጠገብ፦ አጠር ያለች፣ ቀይ፣ ፍንጭት። ድምፅዋ ደግሞ ሲሰሙት የሚያባብል። ፀጉር ሠሪዋን ስጠይቃት ‹ሜላት ትባላለች፣ እላይ ፎቅ ድምፅ ትቀዳለች› አለችኝ። እላይ ፎቅ ያሉት ደግሞ እርስዎ ነዎት።

አሰግድ፦ የጥርስ ሐኪምም አለ።

አትጠገብ፦ የጥርስ ሐኪም ድምፅ ያስቀዳል?

አሰግድ፦ በላቸው ነው አይደል የነገረሽ?

አትጠገብ፦ ምኑን?

አሰግድ፦ ምንም። ተይው።

አትጠገብ፦ በላቸው የድምፅ ባለሙያው? እሱ የሚያውቀው፣ ፀጉር ቤት ያለችው ልጅ የምታውቀው፣ እኔ ግን የማላውቀው ነገር ምንድን ነው?

አሰግድ፦ እኔ በበኩሌ የምጠረጥረው አንቺን ነው። ባለፈው ሳምንት ቦሌ ከሌላ ፊልም ሠሪ ጋር ምሳ ስትበዪ ታይተሻል። የኔ ፊልም ሳይመረቅ አንቺ ሌላ ውል ስታማርጪ…

አትጠገብ፦ ከአክስቴ ልጅ ጋር ነው የበላሁት። ጫማ ነው የሚሸጠው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አያድርጉት፣ ጋሼ። ይልቅ ያንን ኮምፒዩተር ያብሩት።

አሰግድ፦ ለምን?

አትጠገብ፦ ሐኪም ሆኜ ‹ደህና ዋላችሁ› ብዬ ወደ በሽተኞቹ የምገባበትን፣ የመጀመሪያ ንግግሬን ብቻ ያሳዩኝ። አይቼ እሄዳለሁ።

አሰግድ፦ ቅዳሜ ከሕዝብ ጋር ብታዪው ነው የሚጣፍጥሽ።

አትጠገብ፦ ቅዳሜን አልጠብቅም። ከዚች ክፍልም አልወጣም።

አሰግድ፦ አትጠገብ…

አትጠገብ፦ አቤት።

አሰግድ፦ ከማየትሽ በፊት እኔው ብነግርሽ ይሻላል። ሜላት ናት።

አትጠገብ፦ ሜላት ምኔ ናት?

አሰግድ፦ ድምፅሽ።

አትጠገብ፦ አልገባኝም።

አሰግድ፦ ያንቺን ንግግር አውጥተን የሷን አስገባን። ከከንፈርሽ ጋር እያስገጠመች ቀዳችው። አንቺ ትታያለሽ፣ እሷ ትሰማለች። በጣም ነው የገጠመው፤ ማንም አይለየውም።

አትጠገብ፦ ሁሉንም?

አሰግድ፦ ንግግሩን ሁሉ።

አትጠገብ፦ ‹ደህና ዋላችሁ›ንም?

አሰግድ፦ እሱንም።

አትጠገብ፦ እኔ ደህና ዋላችሁ ማለት አቃተኝ?

አሰግድ፦ ነገሩን በእርጋታ እዪው። የምትሠሪያት ሴት ቦሌ ተወልዳ ያደገች ሐኪም ናት። አንቺ አፍሽን ስትከፍቺ ግን ተመልካቹ ተነሥቶ ፍኖተ ሰላም ይገባል። ገንዘብ ያወጡት ሰዎች ሰምተው ‹ቆንጆ ናት፤ ድምፅዋን ግን አንድ በሉት› አሉኝ።

አትጠገብ፦ ባለፈው መንጋጋዬን የነቀለልኝ ሐኪም የቡሬ ልጅ ነው። በኔው አፍ ‹አይዞሽ የኔ እናት› ብሎ ነቀለው። ቦሌ ባለማደጉ ጥርሴ እምቢ አላለውም።

አሰግድ፦ ሕይወትና ፊልም ይለያያል። ይኼ ደግሞ በዓለም የታወቀ አሠራር ነው፤ እኛ አልጀመርነውም።

አትጠገብ፦ የሰው ወርቅ አያደምቅ፣ ጋሼ። ለመሆኑ የሷ ስም ፊልሙ መጨረሻ ላይ ተጽፏል?

አሰግድ፦ የማን?

አትጠገብ፦ የሜላት።

አሰግድ፦ እንዴት ይጻፋል? ምሥጢር እኮ ነው።

አትጠገብ፦ እሷንም በላችኋታ! እኔን ከድምፄ፣ እሷን ከስሟ። አሁን ገባኝ። ቅዳሜ አትናገሪ ያሉኝ ለዚህ ነው፤ አፌን ከከፈትኩ ሰዉ ሁለት ሴት ይሰማል።

አሰግድ፦ እንግዲህ አዎ።

አትጠገብ፦ ከቅዳሜ በኋላስ? አትክልት ተራ ሄጄ ‹ሽንኩርቱ ስንት ነው› ስል ሻጯ ‹አንቺማ ሐኪሟ አይደለሽም› ልትለኝ? ዕድሜ ልኬን በምልክት ልገበያይ ነው?

አሰግድ፦ ለሁለተኛው ፊልም ድምፅሽን እናሠለጥነዋለን። ለአሁኑ ግን የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን አትጣዪ። ፖስተርሽ ከተማውን ሞልቶታል። ሌላዋ ብትሆን በእልልታ ታቀልጠው ነበር። ደግሞ አትቀየሚኝና፣ የሆስፒታሉን ኮሪደር ረሳሽው?

አትጠገብ፦ ኮሪደሩን እዚህ ምን አመጣው?

አሰግድ፦ በሽተኛሽ እየሞተ ነው፣ ሩጪ ብዬሻለሁ። አንቺ ኮሪደሩ ጫፍ ስትደርሺ ቆም፣ እጅ ወገብ ላይ፣ ዞር! ነርስ ሆነው የቆሙት ልጆች በሳቅ ወደቁ። ሰባት ጊዜ ደገምነው። ሰባቱንም ዞርሽ።

አትጠገብ፦ ስምንተኛው ላይ አልዞርኩም።

አሰግድ፦ ስምንተኛው ላይ የምትዞሪበትን ቦታ በቁም ሣጥን ዘጋሁታ!

አትጠገብ፦ እሺ፣ እግሬ አጥፍቷል። እግሬ ዘጠኝ ዓመት የለመደውን ነው ያደረገው። እግሬ ሲያጠፋ ግን የሰው እግር አልቀጠላችሁልኝም፤ አርማችሁ አስኬዳችሁኝ። አፌን ግን ማን አረመልኝ?

አሰግድ፦ ጊዜ አልነበረንም፣ ልጄ።

አትጠገብ፦ እናቴ ነገ ትመጣለች።

አሰግድ፦ ደግ፣ እንኳን ደህና መጣች! ፊት ወንበር እሰጣታለሁ።

አትጠገብ፦ ፊት ወንበር ምን ያደርግላታል? ዓይኗ አያይም።

አሰግድ፦ ምን?

አትጠገብ፦ እኔ ሞዴልነት ልጀምር ዓመት ሲቀረኝ ነው ብርሃኗ የጠፋው። መንገድ ዳር ትልቅ ሰሌዳ ላይ ስሰቀል፣ መጽሔት ላይ ስወጣ፣ ጎረቤት ነው ‹ልጅሽ አምራለች› እያለ የሚነግራት። ‹እናንተማ ታዩዋታላችሁ፤ ለኔ ምን ደረሰኝ?› ትላለች። ሞዴል እኮ አይሰማም ጋሼ፤ አይናገርማ። ፊልም ልሠራ ነው ብዬ ስደውልላት አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችኝ። ‹እዚያስ ያናግሩሻል?› አለችኝ። ያናግሩኛል አልኳት።

አሰግድ፦ ይኼን አልነገርሽኝም።

አትጠገብ፦ መች ጠየቁኝ? የጠየቁኝ ቁመቴን ነው። ታዋቂነቱማ ድሮም ነበረኝ፤ የመጣሁት ለሷ ነው። ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

አሰግድ፦ እንግዲህ… አንዱ ያንቺ ነው። አንዱን አልነካነውም።

አትጠገብ፦ የቱን?

አሰግድ፦ ሙሾውን። በፊልሙ አባትሽ ሬሳ ላይ የምታለቅሺበትን። ሜላት አልሆነላትም። ከተማ ያደገች ልጅ ናት፤ ለቅሶ ቤት ገብታ ንፍሮ ቀምሳ ከመውጣት ሌላ አታውቅም። ማይኩ ፊት ቆማ ሙሾ ላውርድ ስትል በላቸው ሳቁ አመለጠው። እሷም አለቀሰች፤ ግን በንዴት። ያንቺን ተውነው። ልቅሶ ድምፅ ይለውጣል፣ ሰዉ አይለየውም ብለን።

አትጠገብ፦ ሰዉ አይለየው ይሆናል።

አሰግድ፦ እኮ።

አትጠገብ፦ እናቴን ግን እስቲ ያስቧት። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ የማታውቃት ሴት ስታወራ ትሰማለች። ‹ልጄ መቼ ነው የምትናገረው?› ትላለች፤ ዝም በይ ይሏታል። ከዚያ በድንገት ልጇ ሬሳ ታቅፋ ሙሾ ስታወርድ ትሰማለች። እሷ እዚያ ፊልም የሚባል ነገር አይታያትም፤ የሚሰማት የኔ ዋይታ ብቻ ነው። ‹ልጄን ምን አገኛት!› ብላ ትነሣለች። በዚያ ጨለማ የሰው እግር እየረገጠች እኔን ትፈልጋለች። ያኔ እናንተ ታጨበጭባላችሁ።

አሰግድ፦ እ… በሚቀጥለው ሳምንት ብትመጣስ? ግርግሩ በረድ ሲል?

አትጠገብ፦ በሚቀጥለው ሳምንት ድምፄ ይመለሳል?

አሰግድ፦ አይመለስም።

አትጠገብ፦ እሺ። ቅዳሜ አልናገርም።

አሰግድ፦ ተባረኪ! እኔ እኮ ድሮም አስተዋይነትሽን…

አትጠገብ፦ ሙሾውን ግን ያውጡት።

አሰግድ፦ ምን አልሽ?

አትጠገብ፦ ያውጡት። ድምፄ ካልተፈለገ ሁሉም አይፈለግም። ስስቅ ሜላት፣ ሳለቅስ እኔ የለም።

አሰግድ፦ አንቺ ልጅ፣ እሱ እኮ የፊልሙ እምብርት ነው! ሙሾው ከወጣ የሚቀረኝ ነጭ ጋወን የለበሰች ሞዴል ናት። ገንዘብ ያወጡት ሰዎች ያለቀሱት እዚያ ላይ ነው።

አትጠገብ፦ ‹ድምፅዋን አንድ በሉት› ያሉት ሰዎች?

አሰግድ፦ እነሱው።

አትጠገብ፦ ለመሆኑ ግጥሙን የጻፉት እርስዎ ነዎት?

አሰግድ፦ እኔማ ‹ታለቅሳለች› ብቻ ነው የጻፍኩት። ግጥሙን አንቺ ነሽ ካሜራ ፊት ያፈለቅሽው።

አትጠገብ፦ የእናቴ ልጅ ነኝ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ያለ እናቴ ሙሾ የተቀበረ የለም። እስቲ ይበሉት፣ ያስታውሱታል?

አሰግድ፦ እንዴት አላስታውሰው? ‹የሰው በር ሳንኳኳ መድኃኒት ይዤ፣ የቤቴ ሰው ሄደ ሳልደርስ ተጉዤ።› አባቴ ሲሞት እኔ ቀረጻ ላይ ነበርኩ። አንቺ ሙሾውን ያወረድሽ ቀን ካሜራው ጀርባ ፊቴን አዙሬ ነው የቆምኩት።

አትጠገብ፦ ታዲያ ያን ቀን ፍኖተ ሰላም አልተሰማዎትም?

አሰግድ፦ አልተሰማኝም። ልብ አላልኩትም። ግን አትጠገብ፣ ስሜቱን እንተወውና ውል ፈርመሻል። ምን ይግባ፣ ምን ይውጣ የምትዪው አንቺ አይደለሽም።

አትጠገብ፦ ውሉን ያውጡት።

አሰግድ፦ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ ምን ያደርግልሻል?

አትጠገብ፦ ያውጡትና ያንብቡት። ያ እኮ የሳሙናው ውል ነው። ጊዜ የለንም ብለው ‹ማስታወቂያ› የሚለውን በስክሪብቶ ሰርዘው፣ ከላዩ ‹ፊልም› ብለው ጽፈው ነው ያስፈረሙኝ።

አሰግድ፦ ቢሆንስ? ይኸውልሽ፣ ‹ምስሏን በፈለገው መንገድ ሊጠቀምበት ይችላል› ይላል።

አትጠገብ፦ ምስሏን።

አሰግድ፦ አዎ፣ ምስ… ቆይ።

አትጠገብ፦ ሳሙናው ላይ የሚናገረው ወንድ ነበር። እኔ ፊቴን ታጠብኩ እንጂ አልተናገርኩም። ስለዚህ ድምፅ የሚል አንዲት ቃል የለበትም። ወደ ኋላም ይግለጡት፤ የለም። ሞዴል እኮ ከጫማዋ በፊት ውሏን ነው የምትለካው፣ ጋሼ። ምስሌን ወስደዋል፤ አልከለክልም። ሙሾው ግን የኔ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያ ወረቀት የያዘው ፊቴን ብቻ ነው።

አሰግድ፦ ይኼን ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?

አትጠገብ፦ ከፈረምኩበት ቀን ጀምሮ።

አሰግድ፦ እና እስከ ዛሬ ዝም አልሽ?

አትጠገብ፦ ዝም አይነቅዝም ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?

አሰግድ፦ ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው አሉ። እኔ ሞዴል የቀጠርኩ መስሎኝ ጠበቃ ነው የቀጠርኩት። አሁን ቁጭ በይ። የምሬን ነው፣ ቁጭ በይ።

አትጠገብ፦ ደግሞ ምን ሊቆረጥ ነው?

አሰግድ፦ ምንም። እውነቱን ልንገርሽ። ዘዬሽ ሰበብ ነው። እንዳይከፋሽ ብዬ በዘዬሽ አሳበብኩ እንጂ ችግሩ ሌላ ነው። የመጀመሪያውን፣ ያንቺን ድምፅ ልክፈትልሽ። ስሚውና ራስሽ ፍረጂ። …ይኸው። ሰማሽ?

አትጠገብ፦ ይኼ… እኔ ነኝ?

አሰግድ፦ አንቺ ነሽ።

አትጠገብ፦ የቀበሌ ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው ነው የሚመስለው።

አሰግድ፦ እኔ አላልኩም።

አትጠገብ፦ ይድገሙት።

አሰግድ፦ ምን ያደርግልሻል? ስድብ ነው የሚሆንብሽ።

አትጠገብ፦ ይድገሙት አልኩዎት።

አሰግድ፦ እሺ፣ ይኸው።

አትጠገብ፦ ወይኔ እናቴ። ጭቃ ላይ በታኮ ጫማ እንደሚሄድ ሰው፣ ቃል በቃል እየመረጥኩ ነው የምረግጠው። መጥፎ ነው። እውነትዎን ነው፤ በጣም መጥፎ ነው።

አሰግድ፦ አየሽ? እኔ ጠላትሽ አይደለሁም።

አትጠገብ፦ ቆይ። የዚያን ቀን ጠዋት፣ ካሜራው ከመነሣቱ በፊት፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ምን ነበር ያሉኝ?

አሰግድ፦ ስንቱን አስታውሳለሁ?

አትጠገብ፦ እኔ አስታውሳለሁ። ‹አደራሽን አፍሽን ጠብቂ፤ አንዲት የጎጃም ቃል እንዳታመልጥሽ።› በነጋታውም አሉኝ። በየቀኑ አሉኝ። እኔ እኮ በሽተኛውን አላየሁትም፣ ጋሼ። ሱራፌል ሲጮህብኝም አልሰማሁትም። አፌን ነበር ስጠብቅ የዋልኩት፤ ጥበቃ ቀጥረውኝ እንዴት ልተውን?

አሰግድ፦ እንዲያ ነው የምትዪው?

አትጠገብ፦ ነዋ! ሙሾው ቀን ግን ሬሳ ሆኖ የተኛው ሰውዬ አስነጥሶት ሁላችሁም ስትስቁ፣ አደራሽን ማለቱን ረሱት። አንድ ቀን ረስተው አንድ ቀን ተናገርኩ። እሱን ብቻ አስቀራችሁ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ማለት ይኼ ነው። ጥፋቱ ሁሉ የእርስዎ ነው አልልም፤ የኔም አለበት። ‹ተዉኝ፣ እንደ አፌ ልናገር› ማለት ነበረብኝ። ዝም የማለት ልማድ ይዞኝ ዝም አልኩ። አሁን አንድ ነገር ይንገሩኝ። ሜላት ይኼን ሁሉ በስንት ቀን ቀዳችው?

አሰግድ፦ በአንድ ቀን ተኩል። ለምን ጠየቅሽኝ? ኧረ አትጠገብ፣ እንዳታስቢው!

አትጠገብ፦ ዛሬ ሐሙስ ነው።

አሰግድ፦ ሜላት እኮ ሙያዋ ነው! የራስን ድምፅ ከከንፈር ጋር ማስገጠም ቀላል መሰለሽ?

አትጠገብ፦ ከንፈሩ እኮ የኔው ነው።

አሰግድ፦ ፊልሙ ነገ ሳይመሽ ለአዳራሹ መሰጠት አለበት።

አትጠገብ፦ ሙሾውን ካወጡትም እኮ እንደገና መቀናበሩ አይቀርም። በዚያም በዚህም ሥራ አለብዎት፤ የቱን መሥራት እንደሚፈልጉ ይምረጡ።

አሰግድ፦ ሰዎቹ ገንዘባቸውን ያወጡት ለቦሌ ሐኪም ነው።

አትጠገብ፦ ጎጃም ተወልዳ ቦሌ የምትሠራ ሐኪም ያድርጓት። አባቷ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ አለ? ፊልሙ ውስጥ እኮ ስለ አገሩ አንድም ቃል የለም፤ መቶ ጊዜ አንብቤዋለሁ።

አሰግድ፦ ቢበላሽስ? ቅዳሜ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ቢስቅብሽስ?

አትጠገብ፦ ይሳቅብኝ። የተሳቀባት ልጇ መሆኗን እናቴ በጆሮዋ ትለያለች።

አሰግድ፦ ወይ ጣጣ! …ሄሎ፣ በላቸው? የት ነህ? ምሳህን ተወውና ቶሎ ና። አዎ፣ እዚህ ናት። አይ፣ አልተጣላንም። እንደገና እንቀዳለን። ሙሉውን፣ በራሷ። አዎ፣ በራሷ አፍ። የሜላትን ደግሞ ሌላ ቦታ አስቀምጠው።

አትጠገብ፦ አስቀምጠው አይደለም። አጥፋው ይበሉት።

አሰግድ፦ ለማንኛውም ተብሎ እኮ ነው። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል።

አትጠገብ፦ እኔ እስከ ነገ ስቀዳ እውልና፣ ቅዳሜ መብራት ሲጠፋ ሜላት ‹ደህና ዋላችሁ› ልትለኝ? አላምንዎትም፣ ጋሼ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ግን አላምንዎትም። እኔ እየሰማሁ አጥፋው ይበሉት፤ አለዚያ ሙሾዬን ይዤ ልውጣ።

አሰግድ፦ በላቸው፣ አለህ? …አጥፋው። አዎ፣ በደንብ ሰምተኸኛል። ነገ ሐሳቤን ብለውጥ እንኳ እንዳላገኘው አድርገህ አጥፋው።